የሐዘን ቤት መርፌ

ኦምዱርማን፣ ጁን 9 ቀን 1988

ለተከበሩ ኡስታዛ ኢቅባል፤

አሰላሙ አለይኩም። እንደምን ከረሙ? እናታችን ሐጃ በቱልስ እንደምን ናቸው? የፖርት ሱዳን ወበቅስ እንዴት ይዟችኋል? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል።

ባለ አራት መስመር ደብዳቤዎ ደረሰኝ። ከሃያ አንድ ዓመት ዝምታ በኋላ አራት መስመር! ቆሜ አነበብኩት። ተቀምጬ አነበብኩት። ሱቁን ዘግቼ፣ ገበያውን አንዴ ዞሬ መጣሁና ደግሜ አነበብኩት። አሁንም የምጽፈው ባንኮኒው ላይ ቆሜ ነው፤ መቀመጥ እምቢ ብሎኛል።

ጥያቄዎ ሁለት ነው። የመጀመሪያውን ልመልስ። አዎ፣ «የአባይ ድምፅ ሙዚቃ ቤት» ዛሬም አለ፤ እኔም ከባንኮኒው ጀርባ አለሁ። አጎቴ ካረፉ አሥር ዓመት ሆናቸው፣ ሱቁን ለእኔ ትተውት ሄዱ። አሁን የምሸጠው ካሴት ነው። ሸክላ ብሎ የሚጠይቀኝ ወይ ሽማግሌ ነው ወይ ፈረንጅ። ያቺ ባለመስተዋት የማድመጫ ሣጥን ጥጉ ላይ እንደቆመች ናት፣ ካርቶን ሞልቼባታለሁ። እርስዎና ወንድምዎ ሚርጋኒ፣ አላህ በጀነት ያኑረውና፣ እዚያች ውስጥ ተጣብቃችሁ አንዱን ማዳመጫ ጆሮ ለጆሮ ስትካፈሉ ይታየኛል። እሱ ሙዚቃ ሲሰማ እግሩ አያርፍም፣ ወለሉን ሲረግጠው ሣጥኗ በሙሉ ትንቀጠቀጥ ነበር። አጎቴ «ይሄ ልጅ አንድ ቀን ሱቄን ያፈርሰዋል!» እያሉ ይጮኹ ነበር። ሱቁ ይኸው እስካሁን አልፈረሰም።

ሁለተኛውን ጥያቄ በሌላ ቀን እመልሳለሁ። ደንበኛ ገባ።

ሙዘሚል

ደንበኛው ወጣ። ግን ዛሬ አልችልም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።


ፖርት ሱዳን፣ ጁን 27 ቀን 1988

ሙዘሚል፤

ወአለይኩም ሰላም። ለመሆኑ አንተ ከመቼ ወዲህ ነው እኔን አንቱ ያልከኝ? ደብዳቤህን ስከፍት ከትምህርት ሚኒስቴር የተጻፈብኝ ክስ መስሎኝ ደንግጫለሁ። አንቱታህን መልሰህ ውሰድ። የአራት መቶ ልጃገረዶች ርዕሰ መምህርት ነኝ፣ አንቱታ ከበቂ በላይ አለኝ።

ሁለተኛው ደብዳቤህም ደርሶኛል። ሦስት ገጽ ሙሉ ስለ ካሴት ገበያ ጽፈህ፣ ጫፏ ላይ ጉንዳን በምታክል ፊደል የጠየቅኸኝን አይቻታለሁ። አላገባሁም። ሁለት ጊዜ ተጠይቄ ነበር፤ እማዬ «በሐዘን ቤት ድግስ አይደገስም» ብላ መለሰቻቸው፣ እኔም አልተከፋሁም። አንተ የአጎትህን ልጅ አግብተህ በሁለተኛው ዓመት መፋታትህን እዚህ ድረስ ሰምተናል። ባቡር ዕቃ ቢያጓድል ወሬ አያጓድልም።

እማዬ ደህና ናት። ትንሽ ጆሮዋን ያማታል፣ የእርጅና ነገር ነው፣ አታስብ።

የሸክላ ማጫወቻው ቁም ሣጥኑ ላይ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ተቀምጧል። ዘወትር ሐሙስ አቧራውን እጠርጋለሁ። ሁለተኛዋን ጥያቄዬን በካሴት ገበያ ሸፈንካት። ሦስተኛ ጊዜ አልጠይቅህም።

ኢቅባል


ኦምዱርማን፣ ጁላይ 10 ቀን 1988

ኢቅባል፤

እሺ፣ አንቺ ልበልሽ። ብዕሬ አልለመደውም እንጂ።

«መርፌው አለ ወይ?» ነው ያልሽኝ። አለ። በአስፕሪን ቆርቆሮ ውስጥ፣ በጥጥ ተጠቅልሎ፣ በባንኮኒው መሳቢያ ውስጥ። መሳቢያውን በቀን አሥር ጊዜ እከፍተዋለሁ፣ ቆርቆሮውን ግን አልከፍተውም።

ሚርጋኒ በተቀበረ በሰባተኛው ቀን ነው እናትሽ ሱቅ የመጡት። ደንበኛ ሞልቶ ነበር። መርፌውን ከመሐረባቸው ፈትተው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ፣ አንድ ቃል ሳይናገሩ ወጡ። ሐዘን የገባበት ቤት የማጫወቻውን መርፌ ነቅሎ ለውጭ ሰው አደራ እንደሚሰጥ አውቃለሁ። እኔ በተወለድኩበት በአትባራም ይደረጋል። ባለሐዘኑ ሲበቃው ልጅ ልኮ ያስመጣዋል፣ ቤቱም ድምፅ ይሰማበታል። እኔም ስጠብቅ ኖርኩ። በር በተከፈተ ቁጥር «ሐጃ ልከውኝ ነው» የሚል ልጅ የመጣ ይመስለኝ ነበር። አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት፣ ሦስት። ከዚያ አንቺ ለማስተማር ወደዚያ ተመደብሽና ቤታችሁን ዘግታችሁ ሄዳችሁ። የሄዳችሁ ዕለት ባቡር ጣቢያ ነበርኩ፤ ከምሰሶው ጀርባ። ማጫወቻውን በአንሶላ ጠቅልለሽ እንደ ሕፃን አቅፈሽ ስትሳፈሪ አይቻለሁ።

ስለ ክበቡም መጠየቅሽ አይቀርም። የሞረዳ ወጣቶች ክበብ ዛሬ የዘይት መጋዘን ነው። በሱ በር ላለማለፍ ስል ዙሪያውን እሄዳለሁ፣ ከዚያ መልሶ ይናፍቀኝና እመለሳለሁ። ዓርብ ከሰዓት፣ የአስር ሶላት ካበቃ በኋላ ነበር የሚከፈተው፣ የአባይ ዳር አሣ ጥብስ ሽታ በመስኮት እየገባ። እናንተ ሴቶቹ ከወንድሞቻችሁ ጋር በግራ፣ እኛ ጠባብ ሱሪና ሹል ጫማ የለበስነው ጉረኞች በቀኝ። «የሞረዳ ስድስት» ባንድ መድረክ ላይ ሲወጣ፣ ሚርጋኒ ትራምፔቱን ከማንሳቱ በፊት እግሩን ሦስት ጊዜ ይረግጣል። እኛ ጣታችንን ወደ ላይ እያጮኽን እንነሳለን። ያን ጊዜ ዓለም የኛ ነበረች፣ ወላሂ! ዓለም ራሷ ግን አልሰማችም።

ደግሞ አትካጂ፤ ያን የግብፅ ሸክላ ሦስት ጊዜ «ይዘላል» ብለሽ መልሰሽልኛል። ሦስቱንም ጊዜ ቀየርኩልሽ። የጫርሽው በፀጉር ማስያዣ ሽቦሽ እንደሆነ አጎቴ በማጉያ መነፅር አይተው ነግረውኝ ነበር። «ይቺ ልጅ የምትፈልገው ሸክላ አይደለም» አሉኝ። እኔ ደንቆሮው «ታዲያ ምንድነው የምትፈልገው?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«የሞረዳ ስድስት» ያስቀረጹት ሸክላም አለ፣ ሁለት መቶውም። አንድም አልሸጥኩም። ሚርጋኒ ያልሰማውን፣ እናቱ ያልሰሙትን፣ ለማን ነው የምሸጠው? ሸክላው ላይ ስላለው ነገርም የምነግርሽ አለ። ቆይ፣ እደፋፈር።

ሙዘሚል


ፖርት ሱዳን፣ ጁላይ 24 ቀን 1988

ሙዘሚል፤

ልጅ ልኮ ያስመጣዋል? ልጅ ልኮ!

አንተ ሰውዬ፣ ኦምዱርማን ስንት ዓመት ነው የኖርከው? የኦምዱርማን ሰው የራሱን ሐዘን በራሱ አያወጣም። «በቃኝ» ብሎ አፍ አውጥቶ እንዴት ይናገራል? መርፌውን የያዘው ሰው ነው፣ ጊዜው ደረሰ ሲል፣ ስኳር ይዞ፣ በር አንኳኩቶ፣ «ሐጃ፣ ይበቃል» ብሎ በገዛ እጁ የሚተክለው። መርፌ እኮ በየሱቁ በቁና ይሸጥ ነበር! እኔስ ገዝቼ መትከል ያቅተኝ ነበር? ሦስት ዓመት በየዓርቡ ግቢ ጠርገን፣ ውኃ ረጭተን፣ አንድ ትርፍ ብርጭቆ አጥበን ስንጠብቅ ነበር። አክስቴ ሐረም «ያ የአትባራ ልጅ ረሳችሁ» ስትል እማዬ «አይረሳም፣ ይመጣል» ትላት ነበር። እኛ አንተን፣ አንተ እኛን! ካሴት መጣና መርፌ በአደራ መስጠቱም ቀረ፤ የሚነግርህ ሰው አልነበረም። ሳነበው መጀመሪያ ሳቅኩ። ከዚያ በሬን ቆልፌ አለቀስኩ።

አሁን የደበቅኩህን ልንገርህ። እማዬ «ትንሽ ጆሮዋን ያማታል» ያልኩህ ውሸት ነው። የቀኙ ከረመዳን ወዲህ ጨርሶ ተዘግቷል። ግራው እየሄደ ነው። ሐኪሙ መድኃኒት የለውም አለ፤ ጥቂት ወራት፣ ምናልባትም ከዚያ ያነሰ። ከሐኪም ቤት ስንወጣ ምን አለችኝ መሰለህ? «የልጄን ሸክላ ሳልሰማ ነው ጆሮዬ የሚዘጋው?» ያን ዕለት ነው ያን አራት መስመር የጻፍኩልህ። አምስተኛው መስመር «ና» የሚል ነበር፣ ኩራቴ አላስጻፈኝም።

አሁን ይኸው ጻፍኩት። ና። መርፌውንም ሸክላውንም ይዘህ ና።

ኢቅባል


ኦምዱርማን፣ ኦገስት 13 ቀን 1988

ኢቅባል፤

ዝናቡን በሬዲዮ ሰምታችኋል። ደብዳቤሽ ኦገስት ሦስት ደረሰኝ፣ ለኦገስት አምስት ትኬት ቆረጥኩ፣ በአራት ሰማዩ ተቀደደ። ሱቁ ፈርሷል። አጎቴ በሚርጋኒ እግር የፈሩትን ውኃው አደረገው። የኋላው የጭቃ ግድግዳ ሸክላዎቹ ሣጥን ላይ ወደቀ። ስድስት ቀን በእጄ ቆፈርኩ። ከሁለት መቶው አንድ ብቻ ሳይሰበር ወጣ፤ ልባሱ ሟሙቶ፣ ጭቃው ውስጥ ራቁቱን። ሌሎች አምስት የአረብ ሸክላዎችም ተርፈዋል። የአስፕሪን ቆርቆሮዋን በሦስተኛው ቀን መሳቢያው ሥር አገኘኋት። መርፌው ደህና ነው። አቅፌው ጭቃ ላይ ቁጭ አልኩ፤ ሰዎች ያበድኩ መስሏቸው ውኃ አመጡልኝ።

ሐዲዱ ተቆርጧል፣ ባቡር የለም። ግን ባቡር ቢኖርም ልመጣ አልችልም ነበር፣ ይህን ሳልነግርሽ።

ያን ዓርብ የሸክላው ሣጥን ከባሕር ማዶ መጥቶ ካርቱም ጣቢያ መድረሱን ሰማን። ክበቡ ሊከፈት ሁለት ሰዓት ሲቀረው። ሚርጋኒ መቆም አቃተው፣ «አሁኑኑ ላምጣው!» አለ። ሞተር ብስክሌቱ የኔ ነበር። ፍሬኑ ይላላል፣ ከሳምንት በፊት ጀምሮ አውቃለሁ። እኔ ራሴ ቀስ ብዬ ሄጄ ማምጣት እችል ነበር። ግን እኔም ቸኮልኩ፤ ቁልፉን ወረወርኩለትና «ፍሬኑ ላላ ያለ ነው፣ ቀስ በል» አልኩት። ስቆ ሄደ። ሲሄድ ሳይሆን ሲመለስ ነው ድልድዩ ላይ ከጭነት መኪናው ጋር የተገናኘው። ሣጥኑ ከኋላው ታስሮ ነበር፤ አንድም ሸክላ አልተሰበረም። ያንን ነው ይቅር ማለት ያቃተኝ። ለቅሶ ቤት ያልመጣሁት ለዚህ ነው። እናትሽ መርፌውን መዳፌ ላይ ሲያስቀምጡ ፍርዴን የሰጡኝ መሰለኝ፤ «ያንተን ሥራ ይዘህ ኑር» ያሉኝ መሰለኝ። ልጅ እስኪልኩብኝ መጠበቄ ደንብ ስለሆነ ብቻ አልነበረም። ፈርቼ ነው።

ሌላም አለ። ከቀብሩ በኋላ ሸክላውን አንድ ጊዜ ብቻ ሰምቼዋለሁ። ሙዚቃው ከመጀመሩ በፊት የሚርጋኒ ድምፅ አለ። «እማዬ፣ ስሚኝማ!» ይላል፣ ከዚያ እግሩን ሦስት ጊዜ ይረግጣል። ሸክላውን የቀረጸው ሰው ረስቶ ይሁን ወድዶ አልቆረጠውም። ልጃቸው ሲጣራቸው ሃያ አንድ ዓመት ሣጥን ውስጥ ቆልፌበት ኖርኩ። አሁን እንዴት ብዬ ነው ፊታቸው የምቆመው?

ሙዘሚል


ፖርት ሱዳን፣ ኦገስት 24 ቀን 1988

ሙዘሚል፤

ደብዳቤህን ለእማዬ አነበብኩላት። «ጮክ በይ!» እያለችኝ በግራ ጆሮዋ ውስጥ ጮኽኩ። ስለዚህ ኃጢአትህን እኛ ብቻ ሳንሆን ዳቦ ጋጋሪው፣ የጎረቤት ልጆችና መንገድ ላይ የቆመው ግመል ነጂ ሰምተውታል። መደበቅ ቀርቶልሃል።

ስጨርስ ምን እንዳለች ቃል በቃል እጽፍልሃለሁ።

«ይሄ ልጅ ቂል ነው። ያን ዓርብ ጠዋት ሚርጋኒ ከልብስ ማስጫዬ ሽቦ ቆርጦ ወሰደ። 'ምን ልታደርግበት ነው?' ብለው 'የሙዘሚልን ፍሬን ላስርበት፣ ላልቷል' አለኝ። አውቆ ነው የነዳው። ልጄ ቸኳይ ነበር፣ ሲወለድም ቸኩሎ ነው፣ አዋላጅ አልጠበቀም። ደግሞ እኔ መርፌዬን ለልጄ ገዳይ የምሰጥ ሴት ነኝ? ሰባት ቀን ጠበቅኩት፣ ለቅሶ አልመጣም። መፍራቱ ገባኝ። ገበያ ድረስ የሄድኩት 'ቤቴ ና' ልለው ነው። አፌ አልከፈት ሲለኝ መርፌውን ሰጠሁት። ሌላ ምን ልሰጠው ኖሯል?»

ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ሸክላው ላይ ያለውን የሚርጋኒን ቃል ግን አላነበብኩላትም። የኔ አይደለም፣ አንተ ራስህ አምጣላት። ግን ፍጠን፣ በአላህ! ከትናንት ጀምሮ የሶላት ጥሪ አልሰማችም። መስጊዱ እኮ ከቤታችን ጀርባ ነው።

ኢቅባል


ከሰላ፣ ሴፕቴምበር 8 ቀን 1988

ኢቅባል፤

ይህን ወረቀት ቀድሞኝ ለሚደርስ የነዳጅ መኪና ሾፌር ሰጥቼዋለሁ። አውቶቡሱ አራት ቀን ጭቃ ውስጥ ቆመ። ወርጄ ገፋሁ፣ ወርጄ ጸለይኩ፣ ሾፌሩን ሰደብኩት፣ ይቅርታ ጠየቅኩት። ሸክላው ከተረፉት አምስቱ ጋር በሁለት ትራስ መሐል ነው። መርፌው ጥምጣሜ ውስጥ ነው። ስኳርም ገዝቻለሁ። ጮክ ብለሽ አዋሪያቸው፣ ጆሯቸው እንዳይተኛ።

ሙዘሚል


ፖርት ሱዳን፣ ሴፕቴምበር 19 ቀን 1988

ሙዘሚል፤

ደህና ገባህ? በሰላም ደረስክ? ሳትሰናበተኝ በመጀመሪያው መኪና ስለበረርክ ነው የምጠይቅህ። «የምሄደው ሱቁን ልጠግን ነው» ብለህ ለአክስቴ ሐረም ነግረሃታል። አሥር ቀን ተጉዞ የመጣ ሰው አንድ ቀን ተኩል ያድራል?

ያን ዕለት መርፌውን ተክለህ ሸክላውን አዙረህ ወዲያው ወደ ግቢ ወጣህ። ጀርባህን ሰጥተኸን የሎሚ ዛፏ ሥር ቆመህ ስለነበር ያላየኸውን ልንገርህ።

እማዬ አልሰማችም። ከመድረስህ አምስት ቀን በፊት ነበር ግራው የተዘጋው፣ ስትመጣ ልነግርህ አልቻልኩም። ፊትህን አይቼ አቃተኝ። የሚርጋኒ ድምፅ ሲወጣ እሷ የጠፍር አልጋዋ ላይ ተቀምጣ አፋችንን ታያለች፣ «ጀመረ?» ትላለች። በአላህ፣ ያን ጊዜ ጠልቼሃለሁ። ሃያ አንድ ዓመቱንም፣ ዝናቡንም፣ የራሴን ኩራትም አንድ ላይ ጠላሁ።

ከዚያ ማጫወቻውን አንስቼ አልጋዋ ላይ፣ አጠገቧ አስቀመጥኩት። ከመጀመሪያው መለስኩት። እጇን ወስጄ የድምፅ ማውጫው ጨርቅ ላይ አሳረፍኩላት። ሚርጋኒ «እማዬ፣ ስሚኝማ!» ሲል እኔ ከንፈሬን ዓይኗ ፊት አድርጌ ቃሉን አልኩላት። አየችኝ። ወዲያው ሦስቱ ርግጫ መጣ። ጨርቁ መዳፏን መታው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ አልጋውም አብሮ ነዘረ።

«እሱ ነው!» አለች። «እሱ ነው፣ ወለሌን ሊያፈርስ! ልጄ፣ ሰምቼሃለሁ፣ ሰምቼሃለሁ!»

ሙዚቃው እስኪያልቅ እጇን አላነሳችም። ሰባት ጊዜ አስደገመችኝ። በስምንተኛው «ቢጫውን የቶብ ልብሴን ከሣጥን አውጪልኝ» አለች። የሐዘን ልብሷን በገዛ እጇ አጥፋ ለአክስቴ ሐረም ሰጠቻት። አንተ ያን ሰዓት ግቢ ውስጥ በእጅጌህ ዓይንህን ስታብስ ነበር። በመስኮት አይቼሃለሁ።

ዛሬም ጠዋት ጠዋት እጇን ጨርቁ ላይ አድርጋ ሻይዋን ትጠጣለች። ጎረቤቶች በድምፁ ሰልችተው ሊከሱን ነው። ስላንተ ስትጠይቀኝ ምን እንዳለች ታውቃለህ? «መርፌዬን አመጣልኝ። ለራሱ የመጣበትን ነገር ግን በጥምጣሙ ይዞት ተመለሰ።» ጆሮዋ ቢዘጋ ዓይኗ እንደድሮው ነው።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። ከተውክልን አምስት ሸክላዎች አንዱ፣ ያ የግብፁ፣ ከትናንት ጀምሮ ይዘላል። የፀጉር ሽቦዬ የት እንደነበረች አትጠይቀኝ። ቤታችን ውስጥ ሐዘን የለም። መጥተህ ቀይርልኝ።

ኢቅባል


ቴሌግራም

ከኦምዱርማን፣ ሴፕቴምበር 28 ቀን 1988

ሸክላውን እንዳትነኪው። ሰኞ እነሳለሁ። ሦስት ሽማግሌ ይዣለሁ። ሙዘሚል።